ደፈጣና ግንባር፦ የ1928 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚዘልቀው የምዕራብ መንገድ ከተማውን እንደለቀቀ በቡራዩ በኩል አድርጎ በገፈርሳ ያልፋል። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ የስፍራው ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው የዋና ከተማውን የመጠጥ ውሃ ከሚያጠራቅሙት ግድቦች አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ ነው። በስተ ሰሜን ደግሞ ሌላ መንገድ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወደ ሰላሌና ወደ ጎጃም ይወጣል። በስተ ደቡብ ምዕራብ ሦስተኛው መንገድ በወጨጫና በፉሪ ተራሮች መካከል አልፎ በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይወርዳል።

በ1928 ዓ.ም. ክረምት የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በእጁ ቢያስገባም፣ እነዚህ ሦስት መንገዶች የሚዘልቁባቸው አገሮች ግን ገና አልተገዙለትም ነበር። በዚያው ክረምት፣ በአንድ ወር ልዩነት ብቻ፣ በወራሪው ላይ ሁለት የተለያዩ ጥቃቶች ተፈጸሙ። አንደኛው በሰኔ 20 ቀን ለንጋት በወለጋ ምድር፣ ቦናያ በተባለ ሜዳ የተፈጸመው ደፈጣ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ 21 ቀን በአዲስ አበባ ላይ ከየአቅጣጫው የተሰነዘረው ታላቅ ማጥቃት ነው። የመጀመሪያው በጥቂት ሰዎች ተሠርቶ ግቡን መታ፤ ሁለተኛው በብዙ ሰው፣ በታላላቅ መኳንንት መሪነት ተሞክሮ ከሸፈ። የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ አካሄድ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ይኖርበታል።

ሽፍታ ወይስ አርበኛ

የማይጨው ጦርነት በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሠራዊት ሽንፈት ከተፈጸመ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሚያዝያ 27 ቀን፣ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ወደ ዋናው ከተማ ገባ። ሮማ ላይ ጦርነቱ ማብቃቱ፣ ኢትዮጵያም የኢጣሊያ ግዛት መሆኗ ታወጀ። ይህ አዋጅ የይስሙላ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ከበስተኋላው የሞት ፍርድ ነበረበት። ጦርነቱ አብቅቷል ከተባለ፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያ ያነሣ ሁሉ የጠላት አገር ወታደር ሳይሆን ሽፍታና ዓመፀኛ ይሆናል ማለት ነው። ሙሶሊኒም በግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ባስተላለፈው የቴሌግራም ትእዛዝ የተያዘ ዓመፀኛ ሁሉ በጥይት እንዲደበደብ አዘዘ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አንድን ሰው «ሽፍታ» ወይም «አርበኛ» ብሎ መጥራት የቃላት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

በአገሬውም ዘንድ ቢሆን ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በአሮጌው የጦር ባህል ክብር የሚገኘው በግንባር ተሰልፎ፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ በቀን ብርሃን ፊት ለፊት በመግጠም ነበር። ፉከራውና ሽለላው የሚያወድሱት ይህንኑ ነው። ተደብቆ መጠበቅና በሌሊት መምታት የደካማ ሰው ስልት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ ደፈጣ ለኢትዮጵያ ወታደር እንግዳ ነገር አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ በጉዞ ላይ የነበረውን 500 ያህል ሰው ያለበት የኢጣሊያ ጦር ከብበው የደመሰሱት በዚሁ ስልት ነበር። በ1928 ዓ.ም.ም ቢሆን ጠላት አዲስ አበባ ሳይገባ፣ በሚያዝያ 26 ቀን፣ ኃይለ ማርያም ማሞ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጫጫ ላይ፣ በጉዞ ላይ የነበረውን የጠላት ጦር ደፍጦ መትቷል፤ በዚህም ግጥሚያ 170 ያህል የቅኝ ግዛት ወታደሮች እንደወደቁ ይነገራል። ስለዚህ የጎደለው ስልቱ ሳይሆን፣ ስልቱ የጦርነቱ ዋና መንገድ መሆን እንዳለበት መቀበሉ ነበር።

የሆለታ ልጆች

በምዕራቡ መንገድ ላይ፣ ከገፈርሳ አለፍ ብሎ፣ ሆለታ ገነት ይገኛል። በዚህ ስፍራ በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ተማሪዎቹ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለፉ፣ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርታቸው ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰባቸው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ እነዚህ ወጣቶች የጣርማበርን መተላለፊያ እንዲይዙ ተላኩ፤ ነገር ግን የጠላት ኃይል ከአቅማቸው በላይ ነበር። ዋናው ከተማ ሲወድቅ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አፈገፈጉና ነቀምቴ ደረሱ። ከመሪዎቻቸው መካከል ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ይገኙ ነበር።

ነቀምቴ ላይ ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ተገናኝተው፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ ድርጅት ተቋቋመ። የድርጅቱ ሊቀ መንበር በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም፣ ይልማ ዴሬሳም በዚሁ ክበብ ውስጥ ነበሩ። ድርጅቱ 10 አንቀጾች ያሉት ደንብ አወጣ። ደንቡ የፖለቲካው አመራር ከጦሩ አመራር በላይ እንዲሆን ይወስናል፤ የአገሬው ገበሬ እንዳይበደልና ምርኮኛ እንዳይንገላታ ያዝዛል፤ አባሉ ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ ይከለክላል፤ ከመማረክም ራስን ማጥፋት እንደሚመረጥ ይደነግጋል። ጦር የሚሰበሰበው በመኳንንት ስምና በጉልት በነበረበት አገር፣ በጽሑፍ ደንብ የሚተዳደር የትግል ድርጅት መቋቋሙ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ወለጋ በአንድ ልብ አልነበረም። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማእከላዊነት የተነሣ የአካባቢው ባላባቶች የቀድሞ ሥልጣናቸው ተሸርሽሮ፣ ገበሬውም በግብርና በጉልበት ሥራ ተማርሮ ነበር። በዚህም የተነሣ ከምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች አንዳንዶቹ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመተዳደር ጥያቄ አቅርበው ነበር። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ከኢጣሊያኖች ጋር መልእክት መለዋወጥ ጀምረው ነበር። ይህን ሁኔታ በባንዳነት ቃል ብቻ ዘግቶ ማለፍ ለታሪክ ዕውቀት አይበጅም። ወራሪው ሊገባበት የሞከረው በር ቀድሞ በጭቆና የተከፈተ በር ነበርና።

የቦናያ ሌሊት

በሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አካባቢ በሚገኘው የቦናያ ሜዳ አረፉ። ዓላማቸው የወለጋን ባላባቶች በስምምነት ይዞ፣ ምዕራብ ኢትዮጵያን ያለ ጦርነት ለሮማ ማስገበር ነበር። ከመጡት ሰዎች መካከል በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒና ሻለቃ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩበት። ሎካቴሊ በ1918 እ.ኤ.አ. ከገጣሚው ዳኑንዚዮ ጋር በቪየና ሰማይ ላይ በመብረሩ በአገሩ ስመ ገናና የሆነ አብራሪ ነበር። ኢጣሊያኖቹ በሜዳው ላይ፣ ከአውሮፕላኖቻቸው አጠገብ አደሩ።

የጥቁር አንበሳ ሰዎች ወሬውን በሰሙ ጊዜ ብዙ መምከር አላስፈለጋቸውም። አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ ጠብመንጃ የያዘ እግረኛ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ማይጨውም ሌሎችም ጦር ሜዳዎች ይህን በመራራ ሁኔታ አስተምረዋል። በሌሊት መሬት ላይ ቆሞ የሚገኝ አውሮፕላን ግን ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ነገር የለም። በበላይ ኃይለአብና በክፍሌ ነሲቡ አማካይነት የተመሩት የሆለታ ልጆችና ጓዶቻቸው በሌሊቱ ጨለማ ወደ ሜዳው ቀረቡና ለሰኔ 20 አጥቢያ ተኩስ ከፈቱ። 12 ኢጣሊያኖች ተገደሉ፤ ሦስቱም አውሮፕላኖች ወደሙ። ከመጡት ሰዎች በሕይወት የተረፈው በአስተርጓሚነት አብሮ የመጣው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ አባ ማሪዮ ቦሬሎ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ለነበረው ለግራዚያኒ ይህ እንደ መብረቅ የወረደ ዜና ነበር። ጦርነቱ አብቅቷል በተባለ በሁለተኛው ወር አንድ የአየር ኃይል ጄኔራል ከነመኮንኖቹ መገደሉ፣ የሮማን አዋጅ በዓለም ፊት ባዶ ቃል አደረገው። የተሰጠው አጸፋም የፋሺስት ሥርዓት የሚታወቅበት ነበር፤ ነቀምቴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ኢጣሊያኖች ነቀምቴን ለመያዝ የቻሉት እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ቆይተው ነው። ከዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር፣ የደፈጣውን ዋጋ የከፈለው ደፈጣውን ያልወሰነው የከተማውና የአካባቢው ሕዝብ መሆኑ ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ በየመንደሩ የተደጋገመው የሰፊው ሕዝብ መከራ መነሻው እዚህ ላይ ይታያል።

ሐምሌ 21

የቦናያ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ በሸዋ ውስጥ ታላቅ ዕቅድ ይዘጋጅ ነበር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ያለው የጠላት ጦር ከሌላው ሠራዊቱ ተለይቶ በከተማው ውስጥ እንደ ተከበበ ያህል ነበር። የአርበኞች መሪዎች ደብረ ሊባኖስ ላይ መክረው፣ በአንድ ቀን ከየአቅጣጫው ከተማውን ለማጥቃት ተስማሙ። በሰሜን የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን የሰላሌን ጦር ይዘው በሱሉልታና በእንጦጦ በኩል፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የፊታውራሪ ዘውዱ አስፋውና የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሰዎች፣ ከምሥራቅ በኩል ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም እንዲገቡ ታቀደ። በኋላ ራስ የሆኑት አበበ አረጋይም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበሩ። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ከደጃዝማች አበራ ጦር ጋር አብረው ወደ ከተማው ወረዱ።

በሐምሌ 21 ቀን የደጃዝማች አበራ ጦር እንጦጦን ወርዶ እስከ ከተማው መካከል ዘለቀ። ጠላትም በብርቱ ደነገጠ። ነገር ግን ከየአቅጣጫው የተነሣው ጦር በአንድ ሰዓት አልደረሰም። ሬዲዮና ስልክ ባለመኖሩ አንዱ መሪ ሌላው የት እንዳለ ለማወቅ አይችልም ነበር። ጠላትን የለየው ክረምት አርበኛውንም ለየው፤ በከተማው ዙሪያ ያሉት ወንዞች ሞልተው ሰዎች ዘገዩ። ቀድሞ የገባው ብቻውን ተዋጋ፤ ዘግይቶ የደረሰውም ብቻውን ተመታ። ከተማው ውስጥ መትረየስና መድፍ ይዞ በምሽግ የተቀመጠ ጦር ለየብቻ የሚመጣን ኃይል ለመመለስ አልተቸገረም።

አቡነ ጴጥሮስ ተያዙና በሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። ደጃዝማች ባልቻና ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምም ብዙ ሳይቆዩ ወደቁ። ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ምሕረት እንደሚደረግላቸው ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ በታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። በዚያው ወር ጥቁር አንበሶች የተቀላቀሉት የራስ እምሩ ጦር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ እጁን ሰጠ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት የተማረውን ወጣት ለይቶ አጨደ። ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ፣ ቢንያምና ዮሴፍም በዚሁ የግድያ ማዕበል ተበሉ። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ፋሺስቶቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት ቁጥር ከ400 በላይ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተደረገው ጥናት የሟቾቹን ብዛት ከዚያ እጅግ አብልጦ አግኝቶታል።

ከሽንፈት የተገኘ ትምህርት

ሁለቱ ጥቃቶች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው በጀግንነት መጠን አለመሆኑ ግልጽ ነው። በሐምሌ 21 እንጦጦን የወረደው የሰላሌ ገበሬ በቦናያ ሜዳ ከተኮሰው የሆለታ ልጅ ያነሰ ልብ አልነበረውም። ልዩነቱ በሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ወሬ ነው፤ በቦናያ አጥቂዎቹ ጠላት የት እንዳደረ ለይተው ሲያውቁ፣ በአዲስ አበባ ግን አጥቂው የራሱን ወገን እንኳ የት እንዳለ አላወቀም። ሁለተኛው አመራር ነው፤ በአንዱ ጥቂት ሰዎች በአንድ ውሳኔ ሲሠሩ፣ በሌላው እያንዳንዱ መኰንን በራሱ ማዕረግ፣ በራሱ ጦርና በራሱ ሰዓት መጣ። ሦስተኛው የቦታና የጊዜ ምርጫ ነው፤ ቦናያ ላይ ጠላት መሣሪያው በማይጠቅመው ቦታና ሰዓት ተገኘ፤ በአዲስ አበባ ግን አርበኛው ራሱ ወደ ጠላት ምሽግ ሄደ።

ከ1929 ዓ.ም. በኋላ ትግሉን የቀጠሉት መሪዎች ይህን ትምህርት በተግባር አዋሉት። በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶና ጅማ በሚወስደው መንገድ ገረሱ ዱኪ ጠላትን እንቅልፍ ነሡት። በገፈርሳ በኩል ወደ አምቦ በሚዘልቀው አገር፣ በጅባትና ሜጫ፣ ገና በ15 ዓመቱ ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ ተነሣ፤ የፈጣን ጥቃቱ ጠባይ «የበጋ መብረቅ» የሚል ስም አሰጠው። ኃይለ ማርያም ማሞ በ1930 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ በሰሜን ሸዋ ሲዋጋ፣ አበበ አረጋይ በመንዝና በቡልጋ ተራሮች እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ወይዘሮ ከበደች ሥዩምም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ከተገደሉ በኋላ መሣሪያ አንሥተው ተዋግተዋል።

የደፈጣው ስልት ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ብዙ ሰው ይጠይቃል። መንገዱ የሚጠብበትን፣ መኪና ዳገት ላይ የሚያቃስትበትን ወይም ወንዝ ዳር የሚቆምበትን ስፍራ መምረጥ ያስፈልጋል። ጠላት ስንት ሆኖ፣ ምን ይዞ፣ መቼ እንደሚያልፍ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተተኮሰም በኋላ መሣሪያና ጥይት ማርኮ፣ የጠላት አውሮፕላን ሳይደርስ መበተን ያስፈልጋል። ከዚያም የሚያበላና የሚደብቅ መንደር ያስፈልጋል። እንግዲህ ወሬውን ያመጣው፣ ስንቁን ያዘጋጀው፣ ቁስለኛውን የደበቀው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ገበሬው፣ ባለቤቱና ልጆቹ፣ እንዲሁም በከተማ ውስጥ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ናቸው። ከውስጥ አርበኞቹ ስመ ጥር የሆኑት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ታስረው ወደ ኢጣሊያ ከተጋዙ በኋላ ሲመለሱ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በምዕራቡ መንገድ ላይ በምትገኘው በአዲስ ዓለም የነበረው የጠላት ምሽግ በተጠቃ ጊዜም ዋና አቀናባሪ እርሳቸው ነበሩ።

በዚህ ዓይነት የጦርነቱ ባለቤት ተለወጠ ማለት ይቻላል። ማይጨው ላይ ጦሩን የጠሩት ንጉሡና መሳፍንቱ ነበሩ፤ ጦሩ ሲፈታ ጦርነቱም ያለቀ መሰለ። በደፈጣው ዘመን ግን አንድ መሪ ቢወድቅ ሌላው ይተካ ነበር፤ ምክንያቱም ትግሉ የቆመው በአንድ ድንኳን ላይ ሳይሆን በሺህ ጎጆዎች ላይ ነበር። ፋሺስቶቹ በየመንገዱ ምሽግ ሠሩ፤ መንደር አቃጠሉ፤ መኳንንትን በማዕረግና በገንዘብ ለመግዛት ሞከሩ። ከተማውንና አውራ መንገዱን ይዘው ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር መግዛት ግን አልሆነላቸውም። በ1933 ዓ.ም. የነጻነት ጦር በገባ ጊዜ ያገኘው ጠላት አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ጠላት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጎጃም መጥተው ወደ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው በሰሜኑ መንገድ፣ በፍቼ፣ በሱሉልታና በእንጦጦ በኩል ነው። የሰላሌ ጦር በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የወረደበት መንገድ ማለት ነው።

ለኪነት ሰዎች የቀረ ሥራ

የኢትዮጵያ የሥዕል ትውፊት ጦርነትን የሚያሳይበት የታወቀ መልክ አለው። የዐድዋ ሥዕሎች ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ተሰልፎ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተዘርግቶ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ወርዶ ያሳያሉ። የአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት በአዲስ አበባ እምብርት ቆሞ ትውልድን ያስተምራል። ሁለቱም የሚገባቸው ክብር ነው። ደፈጣ ግን እንዲህ ለመሣል አይመችም። ሰንደቅ ዓላማ አይዘረጋበትም፤ ነጋሪት አይጎሰምበትም። በጨለማ ሣር ላይ የተኛ ወጣት፣ በእንስራዋ ውስጥ ጥይት የምትሸከም ሴት፣ በማግሥቱ በሚወርደው ቦምብ ቤቱ የሚቃጠልበት ገበሬ የሥዕሉ ባለቤቶች ናቸው። የድሉን ግማሽ ያህል ኀዘን ይዞ የሚመጣ ሥዕል ነው።

መምህሩም ቢሆን የሐምሌ 21ን ሽንፈት ደብቆ የአምስቱን ዓመት ድል ብቻ ቢያስተምር ተማሪው ድሉ ከየት እንደመጣ ሊረዳው አይችልም። የወለጋ ባላባቶችን ምሬት ሳያስረዳ የቦናያን ጀግንነት ቢያወድስም፣ አገር ለወራሪ የሚጋለጥበትን ምክንያት ከተማሪው ይሰውራል። በነቀምቴ ላይ የወረደውን ቦምብ ሳይቆጥር 12ቱን ኢጣሊያኖች ብቻ ቢቆጥር ደግሞ ሂሳቡ ጎዶሎ ይሆናል። የ1928 ዓ.ም. ክረምት ታሪክ ሙሉ የሚሆነው የሆለታ ልጅ፣ የሰላሌ ገበሬና ስሟ ያልተመዘገበው ስንቅ አቀባይ በአንድነት ሲጻፉ ነው።